የጥቅምት ደጃፍ

በአሜሪካ አገር የጥቅምት ወር ሲገባ የሱቁ መስኮት ሁሉ በአጽምና በራስ ቅል፣ በሸረሪት ድርና በጠንቋይ ባርኔጣ ይሞላል። ይህ ሁሉ በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ቀን ማታ ስለሚከበረው ስለ ሃሎዊን ነው። በዚያች ማታ ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ፤ መብራቱ የጠፋ ቤት ግን «አትምጡብኝ» እንዳለ ይቈጠራልና አልፈውት ይሄዳሉ።

እዚህ በቨርጂኒያ የእኅቴ ቤት እስካለፈው ዓመት ድረስ ከሚታለፉት አንዱ ነበር። እኅቴ «የሰይጣን ሥዕል በደጄ አልሰቅልም» ትላለች፤ የስምንት ዓመት ልጇ ደግሞ «የጨለመው የእኛ ቤት ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔም በመካከላቸው ሆኜ የበዓሉን ምንጭ መመርመር ጀመርሁ።

ሃሎዊን ማለት የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው፤ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን በዓሉን በማግሥቱ ኖቬምበር 1 ቀን ታከብራለች። የዱባው ፋኖስ ከአየርላንድ ሰዎች የመጣ ነው። እነርሱ በአገራቸው ይፈለፍሉ የነበረው እንደ ቀይ ሥር ያለ ተክል ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በብዛት ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ግን ትልቅና ለቢላዋ የሚመች ዱባ አገኙ። እንግዲህ ይህ ፋኖስ ራሱ የስደተኛ ሥራ ነው።

በእኛም አቈጣጠር ቀኑ በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 21፣ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነው። ወራቱም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚዘልቀው፣ ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ወርኃ ጽጌ ነው። ከቤት ወደ ቤት መዞርንም ቢሆን በቡሄ ሆያ ሆዬ ብሎ ሙልሙል የተቀበለ ሰው እንግዳ አይለውም። ይህን ሁሉ ነግሬ «አጽሙን ትተን ቅጠሉን ብናነሣስ?» ብዬ እኅቴን ጠየቅኋት። እርስዋም ከዱባው በቀር ከሱቅ ምንም እንዳይገዛ ተዋውላ እሺ አለች።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ይፈርሳል፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የኖረው ብጫ ይገለጣል፤ ቀዩ ግን በአብዛኛው በዚያው ወራት አዲስ የሚሠራ ነው። ገና የረገፈውንና ያልደረቀውን ቅጠል ለቅሞ በጋዜጣ መካከል ማድረግና አንድ ሳምንት ያህል ከባድ መጽሐፍ መጫን ይበቃል። ቀለሙ እንዲቈይ የተፈለገ እንደ ሆነ፣ በፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ሰም አቅልጦ ቅጠሉን አንድ ጊዜ መንከር ነው፤ ሰሙን በቀጥታ በእሳት ላይ መጣድ አደገኛ ነው። ቅጠሉ በክር ተሰክቶ በበሩ ዙሪያ ይሰቀላል። በባዶ የማርመላታ ጠርሙስ ላይ በሙጫ ተለጥፎ ውስጡ የባትሪ መብራት ቢገባበትም ያማረ ፋኖስ ይሆናል።

በሥራው መካከል ልጁ የእናቱን አሮጌ ነጠላ ከሣጥን አውጥቶ «ይህን መንፈስ እናድርገው» ብሎ መጣ። እኅቴ ከእጁ ተቀበለችውና «በዚህ ለብሼ ቈርቤበታለሁ» አለችው። ቀጥላም እናታችን በእጅዋ ፈትላ እንዳሠራችው፣ ከአገር ስትወጣም በሻንጣዋ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠችው እርሱን እንደ ነበረ አጫወተችው። ልጁ ይህን ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር። ነጠላውን ራሱ አጥፎ መለሰው፤ ከጥቁር ወረቀትም የሌሊት ወፍ ይቈርጥ ጀመር።

ዱባው ከተፈለፈለ በኋላ ቶሎ ይበሰብሳልና ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ካልሆነ አይነካም። ውስጡን ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ መወልወል ሻጋታውን ያዘገየዋል። የልጆቹ ልብስ እሳት እንዳይነካው በሻማ ፈንታ የባትሪ መብራት ይሻላል። የእኅቴ ልጅ ዱባውን ሲፈለፍል አስፈሪ ፊት አላወጣበትም፤ በእንቁጣጣሽ ሲሥል ያየሁትን አደይ አበባ ቀረጸበት። የወጣው ሥጋ ውሃ የበዛበት ቢሆንም በሽንኩርትና በበርበሬ ብዙ ጊዜ ሲቁላላ የጾም ወጥ ይወጣዋል። ፍሬውም ታጥቦና ጨው ነክቶት ሲቈላ ለቡና ቁርስ ይሆናል።

ዘንድሮ ደጃፉን ለማብራት የሚያመነታ ወላጅ ቢኖር ምክሬ ይህ ነው፤ አስቀድሞ ከልጁ ጋራ ተቀምጦ የሚሰቀለውንና የማይሰቀለውን ይዋዋል፤ የማይሰቀልበትንም ምክንያት ሳይቈጣ ይንገረው። ቅጠሉ እንደ ሆነ ከዛፉ ሥር በነጻ ይገኛል።