የግማሽ ሞተር ወግ

ማደያ በገባሁ ቁጥር አንዱ ልጅ ጀሪካን አንጠልጥሎ ይመጣና «ጋሼ፣ ውኃ ልጨምር?» ይለኛል። የት ላይ እንደሚጨምር እንጃ። ቮልሴ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያበርደው አየር ነው። የዚህን ሞተር ዘመዶች ላፈላልግ ብዬ ብነሣ ሰማይ ላይ አገኘኋቸው።

ነገሩ የክብደት ጣጣ ነው። ትንሽ አውሮፕላን ላይ ውኃ፣ ራዲያተርና ቱቦ ከተጫነ ለሰው የሚተርፈው ጥቂት ነው። በሲሊንደሩ ዙሪያ ስስ የብረት ሽንሽን አድርጎ ለነፋስ መስጠት ይቀላል፤ ነፋሱ ከበቃ። አብራሪው ብሌሪዮ በ1909 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ከፈረንሳይ እንግሊዝ ባሕር የተሻገረበት ባለ 3 ሲሊንደሩ አንዛኒ ሞተር ቶሎ የሚግል ነበር፤ መንገድ ላይ ዝናብ ባያርሰው አይደርስም ነበር የሚሉ አሉ። ኖም የተባለው ሞተር ደግሞ ነፋስ ምን አስጠበቀኝ ብሎ ሲሊንደሮቹን ከነፕሮፔለሩ ያሽከረክር ጀመር። የሚጠጣው የጉሎ ዘይት ነው፤ ትርፉን አብራሪው ላይ ይተፋል። ጉሎ ሆድ ውስጥ ሲገባ የሚሠራውን የቀመሰ ያውቀዋል።

እኔ የምወደው ግን እንግሊዛዊውን ፍራንክ ሃልፎርድን ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ባለ 8 ሲሊንደር የሬኖ ሞተር መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ነበር። ጉልበቱ 80 ፈረስ ነው፤ ሃልፎርድ አሻሽሎ 120 አደረሰው። አውሮፕላን ሠሪው ጄፍሪ ደ ሃቪላንድ ርካሽና ቀላል ሞተር ሲፈልግ ደግሞ እንደ ቅርጫ በሬ ለሁለት ከፈለው፤ አንዱን ረድፍ፣ 4ቱን ሲሊንደር፣ አዲስ የብረት ቤት ሠርቶ አሰረበት። ስሙን ሲረስ አሉት፤ ግማሹ ብቻውን 60 ፈረስ ሆነ። በ1925 ሞዝ የተባለችው ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላን በዚህ ሞተር ተነሣች፤ የበረራ ክበቦችም ተሻሙባት። ገበያው ሲደራ የሬኖው ክምር ማለቅ ጀመረ። ሃልፎርድ ያኔ ጂፕሲ የተባለ አዲስ ሞተር ከባዶ ነደፈ፤ እስከ 100 ፈረስ። ኋላ ደግሞ ጂፕሲውን ገልብጠው፣ ሲሊንደሩን ወደታች አድርገው ሰቀሉት፤ አብራሪው ፊት ለፊቱን እንዲያይ። አየር ምን ገዶት፣ ሽቅብም ቁልቁልም ያበርዳል።

ጂፕሲ የተገጠመላት ሞዝ፣ ጂፕሲ ሞዝ፣ እኛም አገር ገብታለች። በ1930 ለጃንሆይ የዘውድ በዓል ልምምድ ሲደረግ፣ ከሃርለም የመጣው አብራሪ ሁበርት ጁሊያን አዲሷን አውሮፕላን አስነሣና ባሕር ዛፍ ላይ አሳረፋት። የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበት ይቀማል። ጁሊያን ግን አየሩን አልከሰሰም፤ ተንኮል ተሠርቶብኛል አለ። ጃንሆይም ሻንጣህን አንሣ አሉት።