ከሸፈ ካሉ በኋላ

አማርኛችን ለተኩስ ሁለት ዓይነት ውድቀት አለው። አንዱ መሳት ነው፤ ሁለተኛው መክሸፍ። የሳተ ሰው ተኩሷል። ጥይቱ ጮኾ ወጥቶ፣ ከዒላማው አጠገብ አቧራ አስነሥቶ አልፏል፤ ጥፋቱም የዓይኑ ወይም የእጁ ነው። የከሸፈበት ሰው ግን አነጣጥሮ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ምላጩን ስቦ የሰማው “ቀጭ” የምትል ድምፅ ብቻ ነው። ዓይኑም እጁም የሚጠበቅባቸውን አድርገዋል። የከዳው ከዝናሩ የመዘዘውና ያመነው ነገር ነው።

ቃሉ ከጠመንጃ ወጥቶ አደባባይ ሲገባ የተመቸን ለዚህ ይመስለኛል። የታኅሣሥ 1953ቱ “የከሸፈው መፈንቅለ መንግሥት” ነው፤ የግንቦት 1981ዱም እንዲሁ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ “መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ” ባሉት ጊዜ ደግሞ ቃሉ ከአገር ስም ጎን ተቀመጠ። ዕቅዱ ከሸፈ፣ ድርድሩ ከሸፈ፣ ማኅበሩ ከሸፈ እንላለን። እንልና እጃችንን አራግፈን እንነሣለን። እኔ ግን ቃሉን ከጠመንጃ ስንዋሰው ግማሹን ብቻ ነው የተዋስነው እላለሁ። ምክንያቱም ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው “ከሸፈ” ካለ በኋላ የሚሠራው ሥራ አለው።

ሥራውን ለማወቅ በቅድሚያ ጥይት ምን እንደሆነ ማየት ይገባል። በአንድ ስም የምንጠራው ጥይት አራት ነገር ነው፤ ቀለሁ፣ ባሩዱ፣ አረሩና ከቀለሁ ግርጌ መካከል የተሰካችው፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጠው ካፕሱል። ባሩድ እሳት ካልሰጡት የማይነሣ ሰነፍ ነው፤ እሳቱን የምትሰጠው ካፕሱሏ ናት። በስስ የብረት ቆቧ ውስጥ ሲመቱት የሚፈነዳ ቅመም ተለጥፎባታል፤ ከቅመሙ ፊት ለፊት ደግሞ እንደ አንጥረኛ መስፍ የምታገለግል ጠንካራ ብረት አለች። የጠመንጃው መርፌ ቆቡን ሲመታ ቅመሙ በመዶሻና በመስፍ መካከል እንደገባ ነገር ይጨፈለቅና ይፈነዳል። እሳቱም በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ባሩዱ ዘንድ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ እንኳ አይፈጅም።

የዚህ ሁሉ መነሻ ወታደር አለመሆኑ ይገርማል። አሌክሳንደር ጆን ፎርሳይዝ የስኮትላንድ ቄስ ነበር። ከቅዳሴው መልስ ወፍ ማደን ይወዳል። የዘመኑ ጠመንጃ በባልጩት ብልጭታ የሚተኮስ ነበርና ወፎቹ ብልጭታውን አይተው አረሩ ሳይደርስ ብር ይሉበታል። ቄሱ በዚህ ተናዶ ሲመቱት የሚፈነዳ ቅመም ለጠመንጃ የሚውልበትን መንገድ አገኘና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1807 የፈጠራ መብት አወጣበት። ካፕሱል የተወለደችው ከዚህ ሐሳብ ነው።

እኛ ዘንድ ባሩድ እንግዳ አልነበረም። ድኙ ከአፋር ቆላ ይመጣል፤ ከሰሉን የሚያከስል አይጠፋም፤ እርሳስም ቀልጦ አረር ይሆናል። ካፕሱል ግን ባሕር ተሻግራ የምትመጣ ነበረች። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመን፣ በ1886 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከታጁራ ተነሥቶ በዓመቱ መባቻ ሸዋ ሲገባ 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ይዞ ነበር። ባለ ካፕሱል የተባለው ባሩዱና አረሩ በአፈሙዙ ተጠቅጥቆ፣ ካፕሱሏ ከኋላ ለብቻዋ የምትደፋበት፣ አውሮፓ ጥሎት የሄደ ጠመንጃ ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዋጋውን አውርደው ገዙት። ራምቦም መክሰሩን በዓደን ለነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል ጽፎ አማረረ።

ስናድሩ፣ ሬሚንግተኑ፣ ውጅግራው ሲበረክት ካፕሱሏ ቀለሁ ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ጥይት ራሱ ገንዘብ ሆነ፤ ከአሞሌ ጨው ጎን ገበያ ላይ የሚመነዘር ገንዘብ። ሆኖም ብር ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር ቢያረጅ ብር ነው። ጥይት ግን ዝናብ ያየ፣ ላብ የጠጣ፣ ጭስ ቤት የከረመ ይሆናል። በዚያ ላይ የተተኮሰው ቀለህ ተለቅሞ፣ እንደገና ተሞልቶ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል። በመልክ የሚለይ የለም። የሚለየው ምላጩ የተሳበ ለት ነው።

አያቴ ስለ አባታቸው ሲያወሩ ይህን አውቄአለሁ። ቅድመ አያቴ በአምስቱ ዓመት የጎጃም አርበኛ ነበሩ። ዝናራቸው ሁለት ወገን ነበረው። በቀኝ ያለው ከጣልያን የተማረከው፣ የሚታመነው ጥይት ነው፤ በግራ ያለው የተገዛው፣ የተለገሰው፣ ማን እንደሞላው የማይታወቀው። “ግራው ለሚዳቋ፣ ቀኙ ለጣልያን” ይሉ ነበር። የግራው ሲከሽፍባቸው ጠመንጃውን ቶሎ አይከፍቱም። አፈሙዙን ካነጣጠሩበት ሳያነሡ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ከዚያ በኋላ ያወጡና ግርጌውን ወደ ብርሃን አዙረው ያዩታል። “ለምን ይጠብቁ ነበር?” ብዬ አያቴን ብጠይቃቸው፣ “ዝም ያለ ሁሉ የሞተ ይመስልሃል?” አሉኝ። ነገሩን የአርበኛ ጸሎት አድርጌ ይዤው ኖርኩ።

ትርጉሙን ያገኘሁት ከጎጃም እጅግ ርቆ፣ በአሜሪካን አገር ኮሎራዶ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚያ በነርስነት ያገለግላል። በመጸው ወራት አጋዘን ያድናል፤ የሚያድንበትንም ጥይት የሚሞላው ራሱ ነው። ይህ በአሜሪካ የኖረ ልማድ ነው። ቢያንስ ከ1870ዎቹ ጎሽ አዳኞች ጀምሮ ቀለህ አይጣልም። ከጋራዡ ጥግ ባለች ጠረጴዛ ላይ የተተኮሰውን ቀለህ ያጥባል፤ በማተሚያ ብረት ወደ ልኩ ይመልሳል፤ ያረጀችውን ካፕሱል ገፍቶ ያወጣል፤ አዲስ ይሰካል፤ ባሩዱን በሚዛን ለክቶ ያፈስሳል፤ በመጨረሻም አረሩን ይገጥማል። እናቶቻችን ሽሮ ሲያዘጋጁ ያለውን ጥንቃቄና ዝምታ አየሁበት።

“የእኛ አገር ክላሽ ቀለህስ ለምን አይሞላም?” አልኩት። እንዲህ ሲል አስረዳኝ። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቦክሰር የተባለ እንግሊዛዊ መኮንንና በርዳን የተባለ አሜሪካዊ ሁለት ዓይነት ካፕሱል አወጡ። የቦክሰር መስፏ ከራሷ ጋር ናት፤ የቀለሁም ቀዳዳ አንድና መሐል ላይ በመሆኑ በቀጭን ብረት ተገፍታ ትወጣለች። የበርዳን መስፍ ግን የቀለሁ አካል ነው፤ ቀዳዳዎቹም ከመሐል የወጡ ትንንሾች በመሆናቸው ማውጣቱ መከራ ነው። የታሪክ ቀልድ ሆነና አሜሪካ የእንግሊዙን ያዘች፤ ከአውሮፓና ከሩሲያ የሚወጣው የጦር ጥይት በአብዛኛው የአሜሪካዊውን። ክላሹም በርዳን ነው። በየተራራችን ተኩሶ የሚጣለው ቀለህ ሁሉ የማይመለስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ2020 (እ.ኤ.አ.) ወረርሽኙ ሲገባ በአሜሪካ ከሱቅ መደርደሪያ ቀድማ ከጠፉት አንዷ ካፕሱል ነበረች። ቀለሁን ሰው በጓዳው ያጥባል፤ እርሳሱን ያቀልጣል፤ ካፕሱልን ግን ቤት ልሥራት የሚል ጣቱን የጠላ ብቻ ነው። “ባሩድ ሞልቶኝ፣ አረር ሞልቶኝ፣ በምስር ፍሬ ጦሜን አደርኩ” አለኝ እየሳቀ። የጎጃም አርበኛ ችግር መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል ኮሎራዶ ደረሰ ማለት ነው።

አንድ ቀን ዒላማ መለማመጃ ይዞኝ ሄደ። አምስተኛው ጥይት ላይ “ቀጭ” አለ። ያጎቴ ልጅ አይደለምና እጁ ወደ መክፈቻው ይቸኩላል ብዬ ነበር፤ አልቸኮለም። አፈሙዙን ከዒላማው ሳይነቅል ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እስከ ሠላሳ ቆጠረ። ለምን ቢሉ፣ ከሸፈ ያልነው ጥይት የዘገየ ሊሆን ይችላል። ቅመሙ ተዳክሞ እሳቱ ባሩዱን ቀስ ብሎ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ጠመንጃው ከተከፈተ በኋላ የሚፈነዳ ጥይት ደግሞ የሚገድለው የያዘውን ነው። ቢያንስ ሠላሳ ሴኮንድ መጠበቅ በሙያው የታወቀ ሕግ ነው። አንድ አቡነ ዘበሰማያትም ሲደግሙት ያንኑ ያህል ይፈጃል።

ሠላሳው ሲሞላ አወጣውና የመርፌውን ጠባሳ አየ። ጠባሳው ጥልቀት አልነበረውም። መልሶ አጎረሰውና ተኮሰ፤ በሁለተኛው ምት ጮኸ። “አልተቀመጠችም” አለ። ካፕሱሏ ከማረፊያዋ ወለል አልደረሰችም ነበር። የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን የጨረሰው እርሷን ወደ ውስጥ በመግፋት ነው፤ ሁለተኛው ደጋፊ አግኝታ ስትቀመጥ አፈነዳት። በትክክል የተሰካች ካፕሱል ከቀለሁ ግርጌ በጥቂቱ፣ በአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ያህል፣ ዝቅ ማለት አለባት። ማታ የቀሩትን ጥይቶች ግርጌ በጣቱ እየዳበሰ ሦስት ቀና ያሉ አገኘ። ከዚያ ደብተሩን አወጣ። ለእያንዳንዱ ሙሌት ቀን ይመዘግባልና። ከሦስት ወር በፊት፣ ከሌሊት ፈረቃ መልስ ሳይተኛ የሞላቸው ነበሩ።

እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው። ክሽፈቱ የተሰማው በዚያ ቀን ነው፤ የተፈጸመው ግን ከሦስት ወር በፊት፣ ማንም ሳይተኩስ፣ ማንም ሳይጮኽ፣ በደከመ እጅ ነው። ሌሎቹም ምክንያቶች እንዲሁ ናቸው። ዘይት የነካው ጣት ቅመሙን ያበላሻል። ካፕሱሏን ከመጠን በላይ የገፋ እጅ ቅመሙን ይሰነጥቃል። በብርድ የረጋ ቅባት የመርፌውን ጉልበት ይበላል። ቀለሁ ከልኩ በላይ ካጠረ ከመርፌው ፊት ይሸሻል። ከሁሉ የሚከፋው ባሩድ ሳይገባበት የተዘጋው ጥይት ነው። ካፕሱሏ ለብቻዋ ትፈነዳና አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ትወትፈዋለች። ተኳሹ “ከሸፈ” ብሎ ሌላ ካጎረሰ ሁለተኛው ጥይት ጠመንጃውን ይሰነጥቀዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን የሚለቀም ነገርም አይተርፍ።

እንግዲህ ወደ አደባባዩ ቃል ልመለስ። አንድ ነገር ሲከሽፍብን ከሁለት አንዱን እናደርጋለን። ወይ የረገፈ ዕድላችን ነው ብለን እንተወዋለን፤ ወይ ሳናይ ሌላ አጉርሰን እንተኩሳለን። የመጀመሪያው ምንም አያስተምርም፤ የሁለተኛውን መጨረሻ አይተናል። ምላጩን የሳበውን ሰው ለመርገም የሚቀድመን የለም፤ በየትኛው ሌሊት፣ የማን የደከመ እጅ፣ የትኛዋን ትንሽ ነገር ሳታርፍ እንደተዋት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የሚጠይቅ ቢገኝም ቀን የተጻፈበት ደብተር አያገኝም።

ዝም ያለውም ሁሉ የሞተ አይደለም። ከሸፈ ብለን የጣልነው አንዳንዱ ነገር የዘገየ ነው፤ አንዳንዱም በሁለተኛ ምት የሚጮኽ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አፈሙዙን ወደ ሰው ሳያዞሩ ጥቂት በመታገሥና ከዚያም ጠባሳውን ወደ ብርሃን አዙሮ በማየት ነው። ቅድመ አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ይህን ግን ያውቁት ነበር።