ዘንቢልና ፌስታል

«ዘንቢል» አማርኛ ከዐረብኛ ጋር የሚጋራው ቃል ነው። ከቀይ ባሕር ወዲህም ሆነ ወዲያ ገበያተኛ አንጠልጥሎት የሚወጣው ዕቃ ተቀራራቢ እንደነበረ ስሙ ይመሰክራል። ወደ ደቡብ ሲዘለቅ ስሙም ቅርጹም ይለወጣል፤ በኬንያ የኪኩዩና የካምባ ሴቶች ከቃጫ የሚሠሩት ኪዮንዶ፣ በስዋሂሊ ተናጋሪዎች ዘንድ ደግሞ ኪካፑ አለ። የሁሉም ሥራ ግን አንድ ነው፤ ባዶውን ወጥቶ ሞልቶ መመለስ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀንም እንዲሁ።

የቀድሞው ገበያ ለቆሻሻ የሚተርፍ ነገር አልነበረውም ማለት ይቻላል። ቅቤ በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፤ እህል በቁና ተሰፍሮ ወደ ስልቻ ይገለበጣል፤ ዘይት ከቤት በመጣ ጠርሙስ ይቀዳል። አሮጌ ዕቃ እንኳ ሌላ ዕድሜ ነበረው። ቆራሌው ከየደጃፉ ይሰበስበዋል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚውሉ እጆች በርሜሉን ምድጃ ያደርጉታል፤ የመኪናው ጎማም በረባሶ ሆኖ ዳግም መንገድ ይወጣል። ዛሬ «አረንጓዴ አኗኗር» ተብሎ የሚሰበከው አብዛኛው ነገር፣ የአያቶች የቁጠባ ልማድ ነበር።

ፌስታል ይህን ልማድ ያሸነፈው ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ክብርም አብሮት መጣ። ዘንቢል የባላገርና የቤት ሠራተኛ ምልክት ተደርጎ ሲቆጠር፣ እጅን እያወዛወዙ ወጥቶ በፌስታል ጭኖ መመለስ የከተሜነት ወግ ሆነ። ውጤቱ በየጎዳናው ይታያል፤ የጎርፍ መውረጃ ቱቦዎች በላስቲክ ይደፈናሉ፤ ከብቶችም ከሣር ጋር እየበሉት ሆዳቸው ታፍኖ ይሞታሉ።

የአካባቢው መንግሥታት ጉዳዩን በሕግ ይዘውታል። ኤርትራ በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008 እ.ኤ.አ. ፌስታልን ከለከሉ። ኬንያ በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ያስጀመረችው ክልከላ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ መቀጫ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት የሚያስከትል ነበር፤ ታንዛንያም በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ተከተለች። ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታሎችን ለመገደብ ሞክራ ነበር፤ ገበያው ግን እንደ ወትሮው ቀጠለ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚጣሉ ፌስታሎችን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ።

ይሁንና ክልከላ የገበያን ሒሳብ በሙሉ አይጨርስም። በሾላ ገበያ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ ደርድራ የምትሸጥ ሴት ፌስታሉን የምትገዛው ከራሷ ትርፍ ነው። አልሰጥም ካለች ገዢዋ ወደ ጎረቤት መደብ ይሻገራል። ስለዚህ ለውጡን መጀመር የሚችለው ገዢው ነው። አንዲት ዘንቢል የያዘች ደንበኛ «እናትዬ፣ ፌስታሉ ይቅርብኝ፤ እዚሁ ገልብጪልኝ» ስትል፣ ባለመደቧ «ተባረኪ የኔ እኅት» ብላ ሁለት ራስ ሽንኩርት ትመርቅላታለች። ፌስታሉ የሚበላው ሳንቲም በምርቃት መልክ ወደ ደንበኛዋ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ውል የጻፈው ሕግ አውጪ አይደለም፤ ለሁለቱም ግን ይጠቅማል።

አስቸጋሪው ጥያቄ የዕለት ጉርሷን በዕለቱ የምትሸምተው ሴት ናት። ሊትር ዘይት በአንድ ጊዜ መግዛት የማትችል እናት ከሰፈር ሱቅ የምትወስደው በትንሽ ላስቲክ የተቋጠረ ዘይት ነው፤ ስኳሩም በርበሬውም እንዲሁ። ላስቲኩ ሲከለከል ቅድሚያ የምትቸገረው፣ ከሁሉም ያነሰ ቆሻሻ የምታወጣው እርሷ ናት። መፍትሔው ከቤት የሚመጣ ጠርሙስና ጣሳ እንደሆነ አታጣውም። የሚከብዳት ባዶ ጠርሙስ ይዞ ወረፋ መቆም ችግርን ለጎረቤት ማሳየት መስሎ ስለሚታያት ነው። ይህ እፍረት በቅጣት አይነሣም። የሚነሣው፣ መኪናውን ከሱቁ በር ላይ ያቆመው ደህና ለባሽም ጠርሙሱን ይዞ ከኋላዋ ሲሰለፍ ነው።