የጋቢ ነጭ

ሽማግሌው ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ የጠየቁኝ ጋቢ ምን ዓይነት ነጭ እንደሆነ ነው።

ቦታው በለንደን ምሥራቅ፣ ኤክሴል የሚባለው ሰፊ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ነው። አንድ የደቡብ ለንደን ክበብ እ.ኤ.አ. በ1972 የጀመረው፣ «ሳሉት» የሚሉት የጦርነት ጨዋታ ትርዒት በሚያዝያ ቅዳሜ እዚያ ይካሄዳል። ይዞኝ የሄደው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ልጆች የሚንጫጩበት የአሻንጉሊት ገበያ ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን ጸጥ ያለ ነገር ነው፤ ሽበት ያወጡ ወንዶች ትልልቅ ጠረጴዛ ከበው፣ የአውራ ጣት አንድ አንጓ የሚያክሉ ወታደሮችን በመለኪያ እየለኩ ያስኬዳሉ፤ ከዚያ ዳይስ ይጥላሉ፤ ከዚያ የሞተውን በሁለት ጣት አንስተው ከጠረጴዛው ጫፍ ያስቀምጡታል። ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። ልቅሶ ቤት ይመስላል፤ ንፍሮው ብቻ ነው የጎደለው።

ባልደረባዬ «ኢትዮጵያዊት ናት» ብሎ አስተዋወቀኝና ሄደ። ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ ትሪ ሳቡ። አርባ የሚሆኑ የዓድዋ ዘማቾች፣ ጋሻና ጠመንጃ ይዘው፣ ጋቢና ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«እስቲ እዪው» አሉኝ። «ነጩ ትክክል ነው?»

ነጭን የመሰለ አስቸጋሪ ቀለም የለም ይላሉ። እንዲሁ ነጭ ከቀቡት ሰውየው በኖራ የተለሰነ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ በግራጫ ይቀባል፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ የጨርቁ እጥፋት ውስጥ ያለው ግራጫ እንዳለ ይቀርና ከፍ ከፍ ያለው ቦታ በፈዘዘ ነጭ ይደረባል፤ ንጹሑ ነጭ የሚነካው በመጨረሻ፣ የእጥፋቱን ጀርባ ብቻ ነው። አንዱን አንስቼ ወደ መብራቱ አስጠጋሁት። ጥላው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

«ይሄ በረኪና የገባ ነው» አልኳቸው።

በረኪናን ማስረዳት ነበረብኝ። ሲገባቸው እየሳቁ ማስታወሻ ደብተር አወጡና ጻፉት።

ከዚያው አዳራሽ አሮጌ አሻንጉሊት የሚሸጥ ሰው ዘንድ ወሰዱኝ። ብሪተንስ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1893 ከእርሳስ ውስጡ ክፍት የሆነ ወታደር መሥራት ጀመረ፤ እርሳስ ስለሚቆጥብ ርካሽ ሆነና በየቤቱ ገባ። ፋሺስት ኢትዮጵያን በወረረ ሰሞን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ክቡር ዘበኛ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ባዶ እግራቸውን ናቸው። ኢትዮጵያ በቦምብ ስትጨነቅ፣ የለንደን ልጅ እነዚህን ከምንጣፍ ላይ አሰልፏቸው ነበር ማለት ነው። ዋጋቸውን ጠይቄ ወደ ቦታቸው መለስኳቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ክሮይደን፣ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ጓሮ ያለችው የእንጨት ክፍል የዓድዋ ናት። ተራራው ለግድግዳ ሙቀት መያዣ ከሚሸጠው ሮዝ ፎም ተቆርጦ፣ ሙጫ ተቀብቶ አሸዋ ተነስንሶበታል። ሶሎዳን፣ አባ ገሪማን፣ ኪዳነ ምሕረትን እያሳዩ ስም ይጠራሉ፤ እኔ አነጋገራቸውን አርማለሁ። በዓድዋ ቀን የጣልያኖቹ ካርታ ኪዳነ ምሕረትን ያለቦታው አስቀምጦ ስለነበር የብርጌድ አዛዡ አልቤርቶኔ ከሌሎቹ ተነጥሎ ርቆ ሄደ። ሽማግሌው ይህን ስሕተት ሕግ አድርገውታል፤ የጣልያን ተጫዋች ቢወድም ባይወድም አልቤርቶኔን በመጀመሪያው ተራ ፊት ለፊት መግፋት አለበት።

ሒሳቡን የነገሩኝ ሻይ ስንጠጣ ነው። አንድ ምስል 50 ሰው ይወክላል። የጣልያኑ ጦር አዛዥ ባራቲዬሪ ያሰለፈው 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ነው፤ ሰዉ 354 ምስል ይሆናል። የምኒልክ ጦር ወደ 100,000 ይገመታል፤ 2,000 ምስል። ጣልያኖቹን ከቅኝ ግዛት ወታደሮቻቸው ከአስካሪዎቹ ጋር በአንድ ክረምት ጨረሷቸው። የአስካሪው ሥራ የሚያሰለች አይደለም፤ እያንዳንዱ ሻለቃ በቀይ ጣርቡሹ ዘርፍና በመቀነቱ ቀለም ይለያል፤ ቀለሙን ማወቅ ነው። የኛን ግን ስድስት ዓመት ይዘውታል፤ ገና 1,300 ላይ ናቸው። የኛ ሰው አንድ ዓይነት ልብስ አይለብስም፤ አንዱ ለምድ፣ አንዱ የአንበሳ ጎፈር፣ አንዱ ቀይ ሐር፣ አንዱ ያደረበት ጋቢ። ስለዚህ አንድ ቀለም ይዞ ሃምሳውን በተራ መንካት አይሆንም። ዓድዋን በጠረጴዛ ላይ የሚሞክር የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ በአሸናፊው ብዛት ተሸንፎ።

ዓይን የሚቀባው መጀመሪያ ነው። ነጩ ይሰመራል፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ቡኒ ነጥብ ያርፋል፤ ብሩሹ የዘለለበትን የፊቱ ቀለም ዙሪያውን እየዞረ ይሸፍነዋል። ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ዓይን ነው። ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እኔም አብሬ እይዛለሁ። በየሻይ ቤቱ ተሰቅሎ ያደግንበትን የዓድዋ ሥዕል ነገርኳቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ፣ የኛ ሰዎች ፊታቸውን ወደኛ አዙረው በሁለት ዓይን፣ ጠላት በጎኑ ባንድ ዓይን። ለካ ያውቁታል፤ አንዱን በብሪቲሽ ሙዚየም አይተዋል።

«ለጣልያኖቹስ?» አልኳቸው።

«ሁለት ሁለት ነው የሠራሁላቸው።»

ትንሽ ቅር አለኝ፤ አልዋሽም።

የቸገራቸው ሴቶቹ ነበሩ። እቴጌ ጣይቱን በበቅሎ ላይ ተሠርታ አግኝተዋታል፤ ውሃ የሚያቀርቡትን ግን የሚሸጥ ሰው አላገኙም። ስለዚህ ሌላ አገር ሴት ገዝተው ይለውጧታል። ቢጫና ሰማያዊ ማስቲሽ በጣት ሲታሽ አረንጓዴ ይወጣዋል፤ ሳይደርቅ በመርፌ ጫፍ ይቀረጻል። እንስራውን ከራሷ ላይ አድርገውት ደረስኩ። «በጀርባ ነው፣ በገመድ» ብዬ ጎንበስ ብዬ አሳየኋቸው። በምላጭ ቆርጠው አነሱትና ወገቧ ላይ እንደ አዲስ ጀመሩ።

ከዚያ ተጫወትን። ኢትዮጵያን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ሌላስ ማን ሊይዝ! በሕጋቸው የምኒልክ ስንቅ እያለቀ ስለሆነ አራቱን የጣልያን ብርጌድ በአሥር ተራ መስበር አለብኝ። አልቤርቶኔን ከበብኩት፤ አሪሞንዲ ተበተነ፤ ኤሌና ከኋላ ሆኖ ምንም አልፈየደም። ዳቦርሚዳ ግን በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ሦስት ጊዜ የጣልኩትን ዳይስ ሁሉ ተቋቁሞ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እዚያው ሸለቆ ውስጥ የሞተው ሰው በክሮይደን በኩል አምልጦ ወጣ። ተሸነፍኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ለሰላምታ ሲዘረጉ ፊቴ ሳይታወቀኝ ተኮሳትሮ ነበር መሰለኝ፣ «ጨዋታ እኮ ነው» አሉኝ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 የዚህን ጨዋታ ሕግ በመጽሐፍ ያወጣው እውነተኛውን ጦርነት እየጠላ ነው ብለው አጽናኑኝ። አልተጽናናሁም።

ሲሸኙኝ ቼልሲ ያለውን የጦር ሠራዊት ሙዚየም እንዳይ መከሩኝ። ሄድኩ። ሳይቦርን የሚባል መኮንን ከዋተርሉ ሜዳ ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለክቶ፣ ከጦርነቱ ለተረፉት መኮንኖች «በዚያ ሰዓት የት ነበራችሁ?» እያለ ደብዳቤ ጽፎ የሠራው ሞዴል እዚያ ነው። ከ70,000 በላይ ምስል አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1838 ለሕዝብ ታየ። መጀመሪያ የእንግሊዝን ወገን ሊረዱ የደረሱትን ፕሩሲያውያን እንደደረሱት አድርጎ አብዝቶ አስቀምጧቸው ነበር። የእንግሊዙ አዛዥ ዌሊንግተን አልወደደውም። በኋላ ሳይቦርን ብዙዎቹን አነሳቸው። መስተዋቱ ላይ ተደግፌ የተነሱበትን ባዶ ቦታ ስፈልግ ቆየሁ፤ በዓይን አይታወቅም። የሽማግሌው 1,300 ትዝ አሉኝ፤ የቀሩት 700 ደግሞ ይበልጥ።

ማታ ጎንደር ደወልኩ።

«እማዬ፣ ድሮ ጋቢ መልኩ ምን ይመስል ነበር?»

«የቱ ድሮ?»

«የዓድዋ።»

«እኔ ዓድዋ ነበርኩ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ግን ዕድሜዋን ሁሉ ጥጥ የፈተለች ሴት ናትና ማሰብ ጀመረች። «አዲሱ ነጭ አይደለም፤ የወተት ስልባቦት ነው የሚመስለው። ሲታጠብ ነው የሚነጣው። ዘማች ደግሞ መች ያጥባል? ጭስ ይገባዋል። አንገቱ ጋ የራስ ቅቤ ይነካውና ይጠቁራል። ለምንድነው?»

«አንድ ሽማግሌ ለትንንሽ ወታደሮች ይቀባሉ።»

«ለስንት ሰው?»

«ለሁለት ሺህ።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ሁለት ሺህ ጋቢ!» አለች በመጨረሻ። «ለመቼ ሊደርስ?»