ተገልብጦ የተሰፋ ጅራት

የአሜሪካውን ቦምብ ጫኝ ጄት፣ የኤ-4 ስካይሆክን ፎቶ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ዓይኑ ጅራቱ ላይ ይደናቀፋል። አውሮፕላኑ ከአፍንጫው ጀምሮ ልሙጥ ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመው ጅራት በስተኋላ ያለችው ተንቀሳቃሽ መሪ ግን የጎድን አጥንቶቿን በግራም በቀኝም ወደ ውጭ አውጥታ ትታያለች። የሌላ አውሮፕላን መሪ ሁለት ሽፋን ኖሮት አጥንቶቹ በመሐል ይደበቃሉ። የስካይሆኳ መሪ በመሐል አንድ ሽፋን ብቻ ነው ያላት፤ አጥንቶቹ በሁለቱም ወገን በላይዋ ላይ ተመትተዋል። ተገልብጦ የተለበሰ ኮት ትመስላለች፤ ስፌቱ ሁሉ በላይ። ስለዚህች መሪ «ለጊዜው ተብላ ተሠርታ በዚያው ቀረች» የሚል ወሬ አለ። ጥሩ ወሬ ነው። ጥሩ ወሬ ደግሞ መመርመር አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ያማረው ሰው ስላሳመረው ነውና።

ወሬው በመሠረቱ እውነት ነው። ስካይሆክ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በጁን 22 ቀን 1954 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ያኔ መሪው እንደማንኛውም መሪ ልሙጥ ነበር። ፍጥነት ሲጨምር ግን መሪው መንቀጥቀጥና መንዘር ጀመረ። እንዲህ ያለ ንዝረት ዛሬ ቢታለፍ ነገ ብረቱን አድክሞ ይበጣጥሳል። በካሊፎርኒያ ኤል ሴጉንዶ የነበሩት የዳግላስ ኩባንያ መሐንዲሶች፣ ተሽሎ የተጠና ነገር እስኪመጣ ድረስ ብለው፣ ሽፋኑን ወደ መሐል አጥንቱን ወደ ውጭ አደረጉት። በ1956 የበረረው ሁለተኛው ሞዴል በዚህ መሪ መጣ። ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያም ተከታዮቹ ሁሉ። የመጨረሻው ስካይሆክ ከፋብሪካ የወጣው በፌብሩዋሪ 1979 ነው፤ በጠቅላላው 2,960 አውሮፕላኖች ተመርተዋል። ለጊዜው እንድታገለግል የታሰበችው መሪ ከሃያ ዓመት በላይ ተመረተች ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቀናቃኝ ግምት ይመጣል፤ ግምቱ የሞኝ አይደለም። የስካይሆክ ነዳፊ ኤድ ሃይነማን ክብደትን እንደ ግል ጠላቱ የሚያሳድድ ሰው ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እስከ 30,000 ፓውንድ ሲፈቅድለት እሱ በግማሹ ገደማ እሠራዋለሁ ብሎ ቀረበ፤ ሠራውም። ክንፉን 8.38 ሜትር ላይ ስላቆመው በመርከብ ላይ ለማጠፍ ማጠፊያ አላስፈለገም፤ ማጠፊያው ከነክብደቱ ቀረ። እንዲህ ያለ ሰው ከመሪው ላይ አንዱን ሽፋን ላንሣ ቢል ምን ይገርማል? ነገሩ ቢያምርም ማስረጃው አይደግፈውም። ክብደት ለመቀነስ ቢሆን ኖሮ አጥንቱ ከመጀመሪያው ሞዴል ጀምሮ ይወጣ ነበር፤ ክንፉ ላይ ያሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎችም እንደዚሁ በተደረጉ። እነሱ እስከ መጨረሻው ልሙጥ ናቸው። የተገለበጠው የታመመው ክፍል ብቻ፣ ያውም ከታመመ በኋላ ነው። አጥንቱ አየር እየጎተተ ፍጥነት አይቀንስም ወይ የሚል ካለም ይቀንሳል፤ ስካይሆክ በ500 ኪሎ ሜትር ዙር በሰዓት 695 ማይል በርሮ የዓለም ክብረ ወሰን የያዘው በኦክቶበር 1955፣ ማለትም ባለአጥንቱ ሁለተኛ ሞዴል ገና ሳይበር ነው። ከድምፅ በታች ለሚበር ቦምብ ጫኝ ግን ያቺ ኪሳራ ከቁም ነገር አትገባም።

እንግዲህ ጥያቄው ለምን ተሠራች ሳይሆን ለምን ቀረች ነው። ቀላሉ መልስ ስንፍና ነው፤ የሚሠራ ነገር ማን ይነካል? ይህ መልስ ግን የዚህን አውሮፕላን ታሪክ አያውቅም። ስካይሆክ ያልተነካካ አውሮፕላን አይደለም። መጀመሪያ የነበረው ራይት ጄ65 ሞተር ወጥቶ በኤ-4ኢ ሞዴል ላይ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ጄ52 ገባ፤ መሣሪያ የሚንጠለጠልባቸው ቦታዎች ከሦስት አምስት ሆኑ፤ አፍንጫው ረዘመ፤ ጀርባው ላይ ኤሌክትሮኒክስ የሚይዝ ሻኛ በቀለ፤ በኋላ ደግሞ ማቆሚያ ጃንጥላ ተጨመረለት። ይህን ሁሉ የቀየረ እጅ አንዲት መሪ ለመቀየር ይታክተው ነበር አይባልም። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ መሪዋ የቀረችው የጥገና ሰዎችን ስላላስቸገረች ነው። አንድ አውሮፕላን ላይ ምን እንደሚሻሻል የሚወሰነው በነዳፊው ጠረጴዛ ላይ ብቻ አይደለም። ሌሊት በሃንጋር ውስጥ ፋኖስ ይዞ የተንበረከከው ልጅ ያንኑ ክፍል ለስንተኛ ጊዜ እንደፈታ፣ ስንት ጊዜ እንደተራገመ፣ በቅጹ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፈ ይወስነዋል። ያላስረገመ ክፍል አቤቱታ አይጻፍበትም፤ አቤቱታ ያልተጻፈበት ክፍል አይሻሻልም።

ስለዚህ የጥገና ሰዎችን ትዝታ እንደ ማስረጃ ስናነብ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ትዝታቸው የውጋት መዝገብ ነው። የስካይሆክ መካኒክ የማይረሳቸው ነገሮች ምን እንደሚሆኑ ከሥራው ራሱ መረዳት ይቻላል። በቀደሙት ሞዴሎች አውሮፕላኑ የራሱ ማስነሻ አልነበረውም፤ ክብደት ይቅር ተብሎ ከውጭ አየር የሚነፋ ማሽን በጎማ እየተጎተተ ይመጣል። በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ያሉት ተንሸራታቾች ያለ ሞተር፣ በራሳቸው ክብደትና በአየር ግፊት ብቻ የሚወጡና የሚገቡ ናቸው፤ ለነዳፊው ብልሃት ነው፣ አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ እንዳይወጣ የሚያጸዳውና የሚቀባው ሰው ግን የብልሃቱን ዋጋ በየቀኑ ይከፍላል። ቡናማ ሹራብ የለበሰው ባለአውሮፕላን ልጅ በትከሻው የብረት ሰንሰለት፣ በእጁ ታኮ ይዞ ይውላል፤ ፓይለቱን አስሮ የሚያስነሣው፣ ሲመለስ ፈትቶ የሚያወርደው እሱ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን የፊት ጎማው ነው። እስከ 1966ቱ ኤ-4ኤፍ ድረስ የስካይሆክ የፊት ጎማ መሪ የለውም፤ በመርከብ ላይ አንድ ሰው ረጅም የብረት ዘንግ ጎማው ላይ ሰክቶ፣ ሞተሩ እያገሳ ካለ ጄት ፊት ፊት እየሄደ ይመራዋል። ሃይነማን ከአውሮፕላኑ ያወጣው ክብደት አልጠፋም፤ ወደ ሰው ትከሻ ነው የተዛወረው። የንድፍ መጻሕፍት ስካይሆክን ሲያሞግሱ «ቀላል» የሚሉትን ቃል ባየሁ ቁጥር ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው።

ይህ ቅሬታ ከልኩ እንዳያልፍ ብሰጋም አንድ ነገር ካላነሣሁ አይለቀኝም። በዲሴምበር 5 ቀን 1965 ታይኮንዴሮጋ የተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከቬትናም ወደ ጃፓን ስትጓዝ፣ አንድ ኤ-4ኢ ስካይሆክ ቢ43 የተባለ የኑክሌር ቦምብ እንደተሸከመ ከሃንጋር ወደ ጎን አሳንሰሩ በሰው እጅ ይገፋ ነበር። ፓይለቱ በመቀመጫው ላይ ነው። ገፊዎቹ ፍሬን እንዲይዝ ፊሽካ ነፉ፤ አልያዘም። አውሮፕላኑ አሳንሰሩን አልፎ ከነፓይለቱና ከነቦምቡ ወደ 5 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት ሰመጠ። ሦስቱም አልተገኙም። ፔንታጎን በ1981 ባወጣው አጭር ዘገባ አደጋው ከየብስ ከ500 ማይል በላይ ርቆ እንደደረሰ ጻፈ። በ1989 የመርከቧ የዕለት መዝገብ በተመራማሪዎች እጅ ሲገባ ቦታው ከጃፓን የሪዩኪዩ ደሴቶች 80 ማይል ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጃፓንን ያስቆጣው ይህ ነው።

አደጋውን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። የጥገና ሰዎች ትዝታ አይታመንም የሚል ተቃውሞ ሁልጊዜ አለ፤ ሽማግሌ ወታደር ያጋንናል፣ ማዕበሉን ያሳድጋል፣ አለቃውን ያከፋል፣ ከጓደኛው የሰማውን እኔ አየሁ ይላል። ሐቅ ነው። ግን ከምን ጋር ሲነጻጸር? 80 ማይልን ከ500 በላይ ያደረገው የሽማግሌ ጨዋታ ሳይሆን ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ያስተካከለውም ሌላ ወረቀት ነው ቢባል እቀበላለሁ፤ ያኛው ግን ቢሮ ውስጥ ሳይሆን መርከቧ ላይ፣ ነገሩ በሆነበት ቀን የተጻፈ ነው። ወደ ሥራው የቀረበ እጅ፣ በቃልም ይሁን በጽሑፍ፣ ከራቀው ይሻላል ነው የምለው። ትዝታ ቁጥር ላይ ይሳሳታል። ፊሽካ መነፋቱን፣ ማን ወዴት እንደገፋ፣ ዘንጉ እጅ ውስጥ እንዴት እንደሚከብድ ግን ከገፉት በቀር ማን ሊነግረን ይችላል? በጁላይ 1967 በፎረስታል መርከብ ላይ አንድ ሮኬት ሳይታሰብ ተተኩሶ ቦምብ የጫነ ስካይሆክ መታና 134 ሰው አለቀ፤ ዓለም ከዚያ ቃጠሎ ያስታወሰው ከሞት ያመለጠውን ፓይለት፣ የኋላውን ሴናተር ጆን ማኬይንን ነው። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ፓይለቶች አልነበሩም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ይህን አልሸሸውም። መሪዋን ማንም አላማረረባትም ብዬ ዝምታን ማስረጃ ካደረግሁ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምኩ አይደለም ወይ? ዝምታ ብቻውን ቢሆን ኖሮ አዎን። ግን ዝምታው በእጆች ብዛት ተፈትኗል። ስካይሆክ ከአሜሪካ ወጥቶ ወደ ብዙ አገር ሄዷል፤ በሄደበትም ሁሉ ጠጋኞች የሚያስቸግራቸውን እየለዩ ቀይረዋል። እስራኤላውያን ከ1973ቱ ጦርነት ወዲህ፣ ሙቀት የሚያሳድድ ሚሳኤል ጅራቱን እንዳይበላው የጭስ ማውጫውን አስረዘሙ። ሲንጋፖር ሞተሩን ራሱን አውጥታ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኤፍ404 ከተተችበት። አርጀንቲና በ1982 ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ፣ በማዕቀብ ምክንያት መለዋወጫ አጥታም፣ በስካይሆኮቿ ኮቨንትሪ የተባለችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ አሰመጠች፤ ፓይለቶቿ ጀግኖች ተባሉ፣ ሲገባቸው ነው፤ አውሮፕላኖቹን በሌላ አውሮፕላን ሥጋ እያኖሩ ያስነሡት መካኒኮች ስንት መስመር አገኙ? በነዚህ ሁሉ ቦታዎች መሪዋ እንደነበረች ናት። አውሮፕላኑን ከ1974 እስከ 1986 ለትርኢት ያበረረው የባሕር ኃይሉ ብሉ ኤንጅልስ ቡድን እንኳ፣ ክንፍ ለክንፍ ሊነካካ ሲቃረብ ተንሸራታቾቹ ሳይታሰብ እንዳይወጡ በብሎን ቀርቅሮ ዘጋቸው፤ የመሪዋን አጥንቶች ግን ከቀረው አካል ጋር ሰማያዊ ቀለም ቀባቸው እንጂ አልነካቸውም።