አያቴ ጧፍ የምታበራው ለማን ነው?

እናንተዬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የት ትውላላችሁ? ካፌ? ሲኒማ? እኔ ባለፈው ቅዳሜ መቃብር ቦታ ነው የዋልኩት። አትሳቁ! አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ፣ ከአያቴ ጋር።

የካቴድራሉ ግንባታ ከጣሊያን ወረራ በፊት ተጀምሮ ያለቀው ከድል በኋላ ነው። በግቢው አርበኞች አርፈዋል። በወረራው ጊዜ በአገራቸው ጋዜጣ እያሳተሙ የጮኹልን እንግሊዛዊትም በ1953 ዓ.ም. እዚሁ ተቀብረዋል። ደራሲው፣ ሠዓሊው፣ ድምፃዊው... ማን የሌለ አለ?

እኔን የገረሙኝ ግን ዘግይተው የመጡት ናቸው። ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ በአንድ ሌሊት የረሸናቸው 60 ያህል ሰዎች፣ ብዙዎቹ ባለሥልጣናት፣ ወህኒ ቤቱ ውስጥ በጅምላ ጉድጓድ ነበር የተጣሉት። አፅማቸው ወጥቶ እዚህ ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። እቴጌይቱ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ ሲያርፉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ግን አጠገባቸው የደረሱት በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው፤ ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ! ንጉሥም ቢሆኑ መቃብር ይነፈጋል ለካ!

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፕላን አደጋ ላለቁ ወገኖቻችን 17 ሳጥን እዚህ ገባ። አስከሬን ግን አልነበረባቸውም።

«እማዬ፣ ባዶ ሳጥን ለምን ይቀበራል?» አልኳት አያቴን።

«ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ይፈልጋላ!» አለችኝና ጧፏን ለኮሰች። ቀና ብዬ ሐውልቱን ሳነብ የማናውቀው ሰው መቃብር ነው።

ያኔ ገባኝ። የእናቴ ወንድም በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት እንደተወሰደ ቀረ። የት እንደተቀበረ የነገረን የለም። ምስኪኗ አያቴ ይኸው እስከ ዛሬ ልጇን የምታለቅሰው በሰው መቃብር ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሃያ ምናምን ዓመት አብሬያት ስኖር አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም! ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ስለ እሱ አወራችልኝ። እግር ኳስ ይወድ ነበር አሉ። ሳቁ የእኔን ይመስላል አሉ። የተወሰደ ቀን የለበሰውን ሹራብ ቀለም እንኳ አልረሳችም። ቤት ገብተን ስሙንና የተወሰደበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፍኩት።

እናንተም በየቤታችሁ መቃብር የሌለው ሰው አይጠፋም። አንድ ቅዳሜ ካፌውን ተዉትና አያቶቻችሁን ጠይቁ። ስሙን ጻፉት። የሚያውቁት ሲያልፉ ስሙም አብሮ ይቀበራልና።