ሐሙስ ከጎርጎራ

ጎንደር ባቡር አልገባላትም፤ ባሕርም ደጇ ላይ የለም። እኛ ልጆች ሳለን ግን ሐሙስ ጠዋት ከጣና ሐይቅ ዳሯ ጎርጎራ የምትነሳ መርከብ ነበረችን፤ ባቡራችንም ባሕራችንም እሷ ነበረች!

ሐሙስን ለመድረስ ረቡዕ ከአዘዞ መኪና መያዝ ነው። መኪናው ቆላ ድባን አልፎ፣ ጯሂትን አልፎ፣ የደምቢያን አቧራ እያለበሰ ጎርጎራ ያራግፈናል። የሽንብራው ጆንያ ከጣሪያ ሳይወርድ እኛ ውሃው ዳር ደርሰናል። አክስቴ ከኋላ "ኧረ እናንተ ልጆች፣ ጉማሬ ይበላችኋል!" እያለች ትጮሃለች። ጉማሬ ሣር እንጂ ሥጋ አይበላም ብላት መች ልታምነኝ! ደግሞም እውነቷን ነው፤ ሲቆጣ ታንኳ ይገለብጣል።

መርከቧ መቼም ፈጣን አልነበረችም። ምዕራቡን ዳርቻ ይዛ፣ ደልጊ ቆማ፣ ቁንዝላ አድራ፣ ደቅንና ዘጌን ተሳልማ በማግስቱ ባሕር ዳር ትገባለች። ማንስ ቸኮለና! ጡሩምባዋ ሲሰማ የደንገል ታንኳዎች ከየአቅጣጫው ይከቧታል፤ ሎሚው፣ ዶሮው፣ ቀረሶው ወደ ላይ፣ ሳንቲሙ ወደ ታች። አንድ ጊዜ አክስቴ ደልጊ ላይ የገዛቻት ዶሮ፣ እግሯ እንደታሰረ፣ ቁንዝላ ሳንደርስ ነጠላዋ ላይ እንቁላል ጣለችላት። መርከቡ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። አንድ የደቅ ሽማግሌ፣ "እቱ፣ ለአዲሱ መንገደኛም ትኬት ቁረጪ እንጂ!" አሏት። "እግር የለው፣ አባባ! መሄድ ሲጀምር ራሱ ይክፈል!" ብላ እንቁላሉን በጥንቃቄ ጠቀለለችው።

ዛሬ ጎንደሬው ባሕር ዳር ለመውረድ 180 ኪሎ ሜትር አስፋልት አለለት። አዲስ ዘመን አካባቢ ያንን ጣት መሰል ዐለት አይቶ፣ ሐይቁን ግን እምብዛም ሳያይ፣ በሦስት ሰዓት ገደማ ከተማ ይገባል። ፍጥነቱን አልጠላሁትም፤ ግን ማን ከማን ጋር ያወራል? ሁሉም ስልኩ ላይ ነው፤ እኔም ጭምር።

ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ያሠሩባት ጎርጎራም አምራለች። ደብረ ሲና ማርያም ከነሥዕሎቿ አለች፤ ከ"ገበታ ለሀገር" ፕሮጀክቶች አንዱ የሆነው ሪዞርትም ተሠርቶባታል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ የወረረው እምቦጭ ግን አንጀት ያቃጥላል።

እሱን ተዉትና፣ በ2017 ዓ.ም. የሆነውን አያችሁ? ጣናነሽ 2! 188 ሰው የምትጭን መርከብ በከባድ መኪና ተጭና፣ ከጅቡቲ ጠረፍ ተነስታ፣ ቆላውን አቋርጣ፣ ዳገቱን ወጥታ ወደ ጣና! ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ሌላ መንገድ የለም። መርከብ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስትታጠፍ ያየ ሰው ከእንግዲህ ምን ይገርመዋል? ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼ አልጠገብኩም፤ እንደ ልጅ አስጨበጨበኝ።

ለሚመለከታችሁ ሁሉ አንድ አደራ አለኝ። በአዲሷ መርከብ ቱሪስቱ ከፊት ይቀመጥ፣ ፎቶውን ያንሳ፣ ግድ የለም። ከኋላ ግን ለደምቢያ ሽንብራና ለነጭ አዝሙዱ ጆንያ ቦታ ተዉለት፤ የትኬቱም ዋጋ የገበያተኛን አቅም ያገናዘበ ይሁን። ደግሞ ጎርጎራን አትርሷት።